ከጧፉ አንድ ስንዝር

ጡረታ የወጣሁት ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ሰው ሲሰማ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ነጩን ጋውን አጥፌ ለዕቃ ክፍሉ ሠራተኛ ያስረከብኩ ዕለት ግን አልሳቅኩም። ደመወዛችንን የሚከፍለው ፕሮጀክት ተዘጋ፣ ታካሚ የሚከታተል፣ ኬዝ ማናጀር የሚባለው የሥራ መደብ ታጠፈ፣ በአንድ ገጽ ደብዳቤ አመስግነው ሸኙን። ይኸው ነው። ብዙም ሳልቆይ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ባጃጅ መንዳት ጀመርኩ። ቁጭ ብዬ መዋል የማልችል ሰው ስለሆንኩ ተስማምቶኛል። ተሳፋሪ "ቀድሞ ምን ነበር የምትሠሪው?" ሲለኝ ግን አጭር መልስ የለኝም። "ሰው ሲጋራ እንዲቀንስ እለምን ነበር" ስላቸው "ለሱም ደመወዝ አለው?" ይሉኛል። ነበረው። ትንሽ ናት፣ ግን ነበረች።

እኔ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሜ ያለ ሰው ነኝ፤ ከእናቴ የወረስኩት ነው። መድኃኒት መዋጥ የጀመርኩት ፊደል ሳልቆጥር ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቤት ስቀመጥ፣ መድኃኒት የምወስድበት ጤና ጣቢያ "ከታካሚዎቹ መካከል ሌላውን የሚደግፍ ሰው እንፈልጋለን" ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ተወዳደርኩ፣ ገባሁ። ሥራው ወረቀት ላይ ቀላል ነበር፦ አዲስ የተመረመረውን ማጽናናት፣ ከቀጠሮ የቀረውን መፈለግ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ መዋጡን መከታተል። ሲጋራ የሚል ቃል የትም አልነበረም። ሲጋራን ወደ ሥራችን ያስገቡት ሲስተር ውዴ ናቸው።

ሲስተር ውዴ የፈረስ ቤት ከተማ ሰው ናቸው። አጭር ናቸው፤ ድምፃቸው ከሳቸው ቀድሞ ይደርሳል። ሥራ የጀመርኩ ዕለት ከጠረጴዛው ማዶ የነበረውን የታካሚ ወንበር አንስተው ከራሳቸው ጎን አኖሩት።

"ትርንጎ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ዳኛ ይመስላል" አሉኝ። "ዳኛ ፊት ደግሞ ሁሉም ሰው ንጹሕ ነው።"

ሌላው ልማዳቸው መሸኘት ነበር። ታካሚውን እስከ ግቢው በር ድረስ ይሸኙታል፤ ወረፋ ቢኖርም፣ ፀሐይ ቢሆንም። መጀመሪያ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር። በኋላ ገባኝ። ክፍል ውስጥ "ደህና ነኝ፣ ምንም የለኝ" ያለ ሰው፣ በሩ ጋ ሲደርስ ቆም ይልና "ብቻ ሲስተር…" ይላል። ዋናው ነገር የሚመጣው ከ"ብቻ" በኋላ ነው። ሚስቱ ጥላው እንደሄደች፣ መድኃኒቱን እንደ ዘለለ፣ ማታ ማታ እንደሚያልበው፣ ሁሉንም በሩ ላይ ነው የሰማነው።

እንግዲህ የሲጋራውም ነገር የጀመረው እዚያው በር ላይ ነው። መድኃኒቱን አንድ ቀን ሳያስተጓጉል የሚወስድ፣ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ የሆነለት ሰው ነበር፤ እንደ ምሳሌ የምንጠራው። በሳንባ ሕመም ሞተብን። ቀብሩ ላይ አንድ ጎረቤቱ "ሲጋራው ነው የበላው" አለ። እኛ ማጨሱን እንኳ አናውቅም ነበር። ከቀብር ስንመለስ ሲስተር ግቢው በር ላይ ቆሙ።

"ቫይረሱን አስተኝተነዋል" አሉ። "አሁን የሚገድለን ያልተኛው ነው።"

በዚያ ሰሞን የነበረው አለቃችን ጥሩ ሰው ነው፤ ነገር ግን ግድግዳ ላይ በሚሰቀል ነገር በጣም ያምናል። ስለ ሲጋራ እንሥራ ስንለው ጥቁር የሳንባ ሥዕል አምጥቶ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ሰቀለ። ሰዉ ጀርባውን ሰጥቶት ይቀመጥ ጀመር። አንዲት እናት "ልጄ፣ ይኼ ጉበት ማን ነው ያሳረረው?" ብለው ጠየቁኝ። አለቃችን ሥዕሉን መስቀሉን ሪፖርት አደረገ፤ እኛ ደግሞ ሥራችንን ጀመርን።

ሥራው ከባድ ነበር፤ ምክንያቱም በእኛ አገር ሲጋራ ከቫይረሱ ይበልጥ ይደበቃል። ከተማ ያደገ ይህን ላያምን ይችላል። የገጠሩ ሰው ትንባሆን ሰይጣን የተከለው ነው ብሎ ያደገ ነው። ቫይረሱ እንዳለበት ለሚስቱ የነገራት ሰው፣ ማጨሱን አልነገራትም። ብዙዎቹ የለመዱት ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርደው ነው፤ ሲመለሱ ሱሱን ከጓዛቸው ጋር ጠቅልለው ያስገቡታል። ስለዚህ "ታጨሳለህ?" ብለህ ብትጠይቅ፣ "እኔ? ስሙን ቄስ ይጥራው!" ነው መልሱ።

ሲስተር "ታጨሳለህ?" ብለው ጠይቀው አያውቁም። ጣቱን ያያሉ፤ ሌባ ጣቱና መሐል ጣቱ መካከል ብጫ ካለ፣ ገና ድሮ እንደሚያውቁ ሆነው "ከእንቅልፍህ ነቅተህ እስከ መጀመሪያዋ ምን ያህል ትቆያለህ?" ይላሉ። ሰውየው ለመካድ ጊዜ አያገኝም፤ መልሱን ማስላት ይጀምራል። ጥያቄው ለተንኮል ብቻ አይደለም። ዓይኑን ሳይገልጥ የሚለኩስ ሰውና ከቁርስ በኋላ የሚለኩስ ሰው አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ሱሱ ጥልቅ ነው፣ ቀስ ብለህ ነው የምትይዘው።

አያ ታከለን ያገኘሁት ቡሬ በተዛወርኩበት ዘመን ነው። ስሙ ታከለ አይደለም፤ እሱ ራሱ "ታከለ በይኝ፣ ደስ የሚለኝ ስም ነው" ብሎኝ ነው። ሲስተርም ቀድመውኝ ቡሬ ተዛውረው ነበር። አያ ታከለ የቡሬ በቆሎ መጋዘኖች ጫኝና አውራጅ ነው፤ ሰፊ ትከሻ፣ ትልቅ ሣቅ። ሣቁ ግን መጨረሻው ሁልጊዜ ሳል ነው። ሲስተር የተለመደ ጥያቄያቸውን ጠየቁት።

"ኧረ ሲስተር፣ ገና ጫማዬን ሳላገኘው ነው የማገኛት" አለ፤ ካለ በኋላ ነው የደነገጠው።

"ጾም ትጾማለህ?"

"እጾማለሁ። ንስሐ አባቴ መድኃኒቱን ዋጥ ብለውኝ እውጣለሁ እንጂ እህል እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም።"

"ሲጋራስ?"

"በጾም? ምን ነካዎት ሲስተር፣ እኔ አረመኔ ነኝ?"

"እንግዲያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የሚችል ሰው ነህ ማለት ነው" አሉት። "እኔ ሌላ አልጠየቅኩህም። ፍስኩንም እንደ ጾም እንሞክረዋ። መጀመሪያ እስከ ቁርስ፣ ከዚያ እስከ ምሳ።"

አያ ታከለ ወደ እኔ ዞሮ "ይች ሴትዮ ያለ ሁዳዴ ልታስጾመኝ ነው" አለኝ። ሲስተር ሰምተው ሣቁ።

ስለ ጧፉ መናገር ያለብኝ እዚህ ጋ ነው። ጤና ጣቢያችን ትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ የለውም። ሲስተር ከገበያ የገዙት ጧፍ መሳቢያቸው ውስጥ አለ። መጀመሪያ አክታው ይመረመራል፤ ቲቢ የሌለበት መሆኑ ሲረጋገጥ ታካሚውን ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር ያቆሙታል። ውጭ ነው፤ ዋንዛው ግን ከግንቡ ጥግ ስለሆነ ነፋስ አይደርስበትም። ጧፉን ይለኩሱና ከአፉ አንድ ስንዝር ያርቁታል። "አፍህን ክፈት። ሳታሞጠሙጥ ተንፍስ።" ከንፈሩን አሞጥሙጦ ማጥፋት ማንም ይችላል። አፉን ከፍቶ በአንድ ስንዝር ጧፍ ማጥፋት ግን ጤነኛ ሳንባ ይጠይቃል። እኔ አጠፋለሁ። ሲስተርም በዚያ ዕድሜያቸው ያጠፋሉ። አያ ታከለ፣ መቶ ኪሎ በቆሎ በጀርባው የሚሸከመው ሰውዬ፣ ሲተነፍስበት ነበልባሉ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ እንደ መስጠት አለና ቀና ብሎ ቆመ።

ደገመው። ነበልባሉም ደገመው።

"ጧፉ ነው፤ ጧፍም እኮ ጥራት አለው" አለ። ከማንኛውም ትምህርት የበለጠ ያስደነገጠው ያች ነበልባል ናት።

ሲጋራው የሚበረታበትን ሰዓት ስንፈልግ ያገኘነው ነገር እስካሁን ይገርመኛል። ጫኝና አውራጅ ዕረፍት የለውም። መኪናው ሳያልቅ የተቀመጠ ሰው "ምን ሆነ? ደከመው?" ተብሎ ይሰደባል። ሲጋራ የለኮሰ ግን እስኪጨርስ መቀመጥ ይፈቀድለታል። ዕረፍቱ የሚለካው በሲጋራ ነው። አያ ታከለ ሲጋራውን ሲተው የሚተወው ቁጭ ማለቱንም ነው። ሲስተር ይህን ሲሰሙ ጋውናቸው ኪስ ውስጥ እጃቸውን ከተው የገብስ ቆሎ አወጡ፤ ሁልጊዜ ያዝ ያደርጋሉ። "ቆሎ የያዘ ሰውም ይቀመጣል" አሉት። "ለብቻህ ግን አትቆርጥም። ለሁሉም አድል፤ ያኔ ማንም አያስነሳህም።" ሠራ። ከጫኞቹ ሁለቱ ቆሎ ይዘው መምጣት ጀመሩ። አያ ታከለ እስከ ምሳ ደረሰ፤ አንዳንድ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓትም።

ቢሆንም ያበላሸነው ከዚህ በኋላ ነው።

ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አያ ታከለ በሚኖርበት ቀበሌ፣ መድኃኒት በጋራ የሚወስዱ ታካሚዎች ቡድን ነበረን። ሁሉም ጤና ጣቢያ ድረስ ከሚመላለስ አንዱ ሄዶ የሁሉንም ያመጣል። ጎረቤት "እነዚህ ሰዎች ምን ሊሰበሰቡ ነው?" እንዳይል ደግሞ የሚካኤል ማኅበር መሠረቱ። እውነተኛ ማኅበር ነው፤ ጽዋ አለው፣ ዳቦና ጠላ አለው፣ በየወሩ ተራው ወደ ደረሰው ቤት ይዞራል። መድኃኒቱ በዳቦው ቅርጫት ሥር ይገባል። ብልቃጡ ሲንቀሳቀስ እንዳይንኳኳ ጥጥ እንጠቀልልበታለን። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ እንደሚባለው፣ እትዬ ጥሩ ነበሩ፤ ለብቻቸው ሰባት ልጅ ያሳደጉ፣ ለቄስም ለሊቀ መንበርም የማይመለሱ ሴት።

አንድ የማኅበር ቀን ሲስተር ስለ ሲጋራ አስተማሩ። በቡድኑ ውስጥ የሚያጨሱ ሦስት ወንዶች ነበሩ፤ አያ ታከለ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በኩራት ተናገረ። ሰዉ ተደነቀ። ያኔ እትዬ ጥሩ ጽዋውን ይዘው ብድግ አሉ።

"እስከ ምሳ፣ እስከ ዘጠኝ፣ ምንድን ነው ይኼ ቅንጥብጣቢ?" አሉ። "ወንድ ከሆናችሁ ኑ! ጽዋውን ንኩ። 'ሁለተኛ ባጨስ ሚካኤል ይፍረድብኝ' በሉ!"

ሁለቱ ተያዩ። አያ ታከለ ነው ቀድሞ የተነሣው። ጽዋውን ነካ፤ ማለ። ሁለቱም ተከትለውት ማሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ከሁሉም በላይ ጮሄ አጨበጨብኩ፤ ቀስ ማለት ለእኔ ተፈጥሮ የሚከብድ ነገር ነው፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር ደግሞ ደስ ይለኛል። ሲስተርም ሣቁ፤ እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡት። ደመናው ከብዶ ስለነበር ዝናብ ሳይመጣ መኪና ለመያዝ ተሯሯጥን። ያን ቀን ሲስተር ማንንም እስከ በር አልሸኙም። ለአለቃችን "ሦስት ሰዎች ማጨስ አቁመዋል" ብለን ሪፖርት አደረግን፤ ተመሰገንን።

በሚቀጥለው ማኅበር አያ ታከለ ቀረ። "ሽንዲ ሥራ አግኝቷል" ተባለ። እትዬ ጥሩ መድኃኒቱን ቤቱ ላኩለት። ከዚያ የቀጠለው ማኅበር ላይም ቀረ። በዚያ ቀን አንድ ጎረቤቱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣና "ታከለ ላከኝ፤ 'ለሚገባው ሰው ስጡልኝ' ብሏል" ብሎ አስረክቦ ሄደ። ጎረቤቱ ምን እንደያዘ አያውቅም። እትዬ ጥሩ ጨርቁን ፈቱት። ብልቃጡ ነው። ክዳኑ ላይ ያለው ማሸጊያ እንኳ አልተነካም፤ ጥጡም እንደተጠቀለለበት ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ የዋጥኩት ነገር ነው፤ አንድ ሰው "ለሚገባው" ብሎ ሲመልሰው አይቼ አላውቅም።

እትዬ ጥሩ ቀስ ብለው ተቀመጡ። "አጭሷል" አሉ። "አጭሶ፣ ጽዋ ረገጥኩ ብሎ ነው። እኔ ነኝ ያስረገጥኩት።"

"እኛ ነን" አሉ ሲስተር። "ሁላችንም እልል ብለናል። እስከ በር እንኳ አልሸኘሁትም።"

ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። መድኃኒቱ የሚመጣው በማኅበሩ ነው። መሐላውም ያለው በማኅበሩ ጽዋ ላይ ነው። አንዲት ሲጋራ መሐላውን አፈረሰች፤ መሐላው ከማኅበሩ አስወጣው፤ ከማኅበሩ መውጣቱ ከመድኃኒቱ ለየው። ሌላ አገር ቢሆን ሰውየው "አንድ አጨስኩ" ብሎ ይመጣል። የእኛ ሰው ግን በጽዋ ምሎ ካፈረሰ፣ ጽዋው ባለበት ቤት ደጃፍ አይቆምም። ይህን ደግሞ ሁላችንም እናውቅ ነበር። የዚሁ አገር ሰዎች ነን።

በማግስቱ ሲስተርና እኔ ሽንዲ ወረድን። መጋዘኖቹን እየዞርን ጠየቅን። አንዱ መጋዘን ጀርባ፣ ባዶ ጆንያ ክምር ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ትከሻው ጠቧል። ሲያየን እጁን ጨበጥ አድርጎ ከጀርባው ደበቀ።

ሲስተር ሄደው አጠገቡ፣ ጆንያው ላይ፣ ጎኑ ተቀመጡ። ጭሱ በማይመጣበት በኩል ነው የተቀመጡት፤ አስተውያለሁ።

"ታከለ፣ እጅህ እየተቃጠለ ነው። አውጣው" አሉት።

"ምን እጅ ሲስተር?"

"ያ ከኋላህ ያለው። ጨርሳትና እናውራ። እንጠብቅሃለን።"

ታከለ አፉን ከፍቶ አያቸው። መዳፉን ሲከፍተው የተለኮሰችው ሲጋራ እውነትም ፈጅታዋለች። መሬት ላይ ጣላትና ረገጣት፤ ወዲያው ሳል ያዘው። ሳሉ አላቆም አለ። ሲያበቃ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

"አንዲት ነበረች" አለ። "ሌሊቱን ሙሉ የተጓዘ መኪና ገባ፤ ቆሎዬ አልቋል። አንዱ ለኩሶ ሰጠኝ። ሳላስበው አፌ ውስጥ አገኘኋት። ከዚያ በኋላ ምን ቀረኝ? አንዷም መቶዋም ያው ነው አልኩ።"

"መድኃኒቱስ?" አልኩት። ድምፄ ጮኸ፤ ሲስተር ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ።

"ትርንጎ፣ ጽዋ የረገጠ ሰው በየትኛው እጁ ነው መድኃኒት የሚቀበለው?"

"በቀኝህ!" አልኩት። "በቀኝህ ተቀብለህ በውኃ ነው የምትውጠው! መድኃኒቱ ከጽዋ አልተቀዳ፣ ከፋብሪካ ነው የመጣው!"

ሣቅ አመለጠው፤ ሣቁም ሳል ሆነ። ሲስተር ግን አልሣቁም።

"እሷ የምትለው እውነት ነው" አሉት። "አንተ የምትለው ደግሞ ለአንተ እውነት ነው፤ እኔ ልሽረው አልችልም። የሚችል ሰው ዘንድ እንሂድ። አሁን ግን ይህን ሳል ይዘህ አታድርም፤ ዛሬ አክታህን እንመረምራለን።"

ውጤቱ ቲቢ ነው አለ። የመድኃኒቱ መቋረጥና ጭሱ ተባብረው በሩን ከፍተውለታል። የእልልታችን ዋጋ ይህ ነበር። የቲቢ መድኃኒት ተጀመረለት። የቫይረሱን መድኃኒት ግን "ገና ነኝ" አለ። አስገድደህ ሰው አፍ ውስጥ መድኃኒት አትከትም። ሐኪሙ ደግሞ ብዙ መቆየት እንደሌለበት ነግሮናል።

ንስሐ አባቱ አባ ጥበቡ ይባላሉ። እኔና ሲስተር ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥላ ሥር አገኘናቸው፤ አያ ታከለ አፍንጫና አፉን ሸፍኖ ራቅ ብሎ ከቅጽሩ ውጭ ቆሟል። ሁሉንም ይንገሩልኝ ብሎ ፈቅዶ ነው የመጣው። አባ ሰምተው ፊታቸው ጠቆረ።

"ትንባሆ!" አሉ። "ስለ ትንባሆ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ የነካው አይግባ። ሌላ ምን ልበላችሁ?"

"አባቴ፣ ትንባሆውን ይባርኩልን አላልንም" አሉ ሲስተር። "ሰውየው በትንባሆው ምክንያት መድኃኒቱን ትቶታል። ነገ ቢሞት ማን ይጠየቃል?"

"እሱ ይጠየቃል።"

"እርስዎስ?"

አባ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ አንኳኩ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "አንተ! ቅረብ!" አሉት፤ ሲቀርብ ደግሞ "ኧረ እዚያው ሁን፣ ሳልህን ይዘህ!" ብለው አስቆሙት። "ማን ነው በጽዋ ማል ያለህ?"

"ራሴ ነኝ፣ አባ።"

"ያልጠየቁህን ለምን ትሰጣለህ? ሚካኤል ሲጋራህን ጠይቆሃል?" ቆጣ አሉና ወዲያው ለዘብ አሉ። "በል፣ ከመሐላው ፈትቼሃለሁ። ቀኖናህን ስማ። ስግደት አልሰጥህም፤ በዚህ ሳንባ አንድ ስግደት አትጨርስም። መድኃኒትህን በየቀኑ ትውጣለህ፤ አንዱን ከዘለልክ ያኔ እንጣላለን። ስለ ትንባሆው እየታገልክ ና። ወድቀህም ቢሆን ና። የማይመጣ ሰው ነው የሚያስፈራኝ።"

አያ ታከለ መስቀል ለመሳለም መቅረብ አልቻለም፤ ከቆመበት እጅ ነሣ። እኔ ዞር ብዬ ግንቡን አየሁ።

ሐኪሙ በወሰነው ቀን መድኃኒቱን እንደገና ጀመረ። በቀኝ እጁ ተቀብሎ ወደ እኔ እያየ ዋጠ።

ከዚያ በኋላ የሠራነው ሥራ ሁሉ ከዚያ ውድቀት የተማርነው ነው። ማኅበሩ ውስጥ መድኃኒት ከጸሎቱና ከጽዋው በፊት፣ ገና በሩ ላይ እንዲሰጥ አደረግን። ጽዋ መንካት የማይፈልግ ተቀብሎ መሄድ ይችላል። እትዬ ጥሩ ራሳቸው በር ላይ ቆመው ያድላሉ፤ "አጭሰሃል?" ሳይሆን "እስከ ስንት ሰዓት ቆየህ?" ብለው ይጠይቃሉ። አንዱ "ዛሬስ ሳልነቃ ነው ያጨስኩት እትዬ" ሲላቸው "ነገ ነቅተህ አጭስ፤ እሱም ለውጥ ነው" ብለው መድኃኒቱን ሰጡት። ማጨስ ያልተወ ሰው ቢያንስ ቤት ውስጥ፣ ልጅ ባለበት፣ እንዳያጨስ ተነጋገርን። ሳል የጀመረው ሳይውል ሳያድር አክታውን እንዲሰጥ። ቆሎው ከቡሬ መጋዘኖች አልፎ ሌላም ቦታ ተዛመተ። አንዳንዱ ተወ፣ አንዳንዱ ቀነሰ፣ አንዳንዱ እንደ ነበረ ነው፤ መድኃኒቱን ግን ማንም አልመለሰም። ለአለቃችን "አቁመዋል" የሚል ሪፖርት ማቅረብ አቆምን፤ "እየመጡ ነው" ብለን ጻፍን። "ይኼ ምን ዓይነት ውጤት ነው?" አለን። ሲስተር "ትልቁ" አሉት።

ሲስተር እውነተኛ ጡረታቸውን ወጥተው ፈረስ ቤት ገቡ። ሲሄዱ ደግሞ እኛ ነን እስከ በር የሸኘናቸው፤ በሩ ላይ ቆመው "ብቻ ትርንጎ…" አሉኝ። ጠበቅኩ። "ብቻ ቀስ በይ" አሉ። ከዚያ የእኔም ሥራ ተዘጋ፤ ባጃጅ ነጂ ሆንኩ። ባጃጄ ውስጥ አይጨስም። ሲጋራ ይዞ የመጣ ተሳፋሪ ግን አላባርርም፤ "ጨርሰህ ግባ፣ እጠብቅሃለሁ" እለዋለሁ። ሌሎቹ ነጂዎች "አንቺ ደግሞ ሥራ የጠላሽ ነሽ" ይሉኛል።

ባለፈው ስልክ ተደወለልኝ፤ አያ ታከለ ነው። "የሚካኤል ተራው እኔ ቤት ደርሷል። ባጃጅሽን ይዘሽ ነይ፤ እትዬ ጥሩን ጉልበታቸው አልራመድ ብሏቸዋል" አለኝ። መንገዱ ለባጃጅ ሩቅ ነው፤ በአውቶቡስ ቡሬ ሄጄ የሌላ ሰው ባጃጅ ተውሼ እትዬ ጥሩን ይዤ ደረስኩ። ጽዋው እሱ ቤት፣ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፎለት፣ ዳር ላይ ተቀምጧል። ጽዋ ያለበት ደጃፍ አልቆምም ያለው ሰውዬ ነጭ ለብሶ ወዲህ ወዲያ ይላል። ሲጋራውን ከተወ ቆይቷል፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ እኛ እንደዚያ አንቆጥርም። ቲቢው ድኗል። ሐኪሙ ግን የሳንባው አንዱ ጥግ እንደማይመለስ ነግሮታል፤ በቆሎ መሸከም ትቶ መጋዘኑን ነው የሚጠብቀው።

ጸሎቱ ሲያልቅ አባ ጥበቡ ጧፉን ለማጥፋት እጃቸውን ሲዘረጉ እትዬ ጥሩ "ይቆዩ አባቴ፣ ይቆዩ" አሉና ጧፉን ወሰዱት። ወደ አያ ታከለ ዞሩ። በእጃቸው ስንዝር ለክተው ከአፉ ፊት ያዙለት።

"አፍህን ክፈት። እንዳታሞጠሙጥ፣ አውቅሃለሁ።"

አያ ታከለ እኔን አየኝ። አፉን ከፈተ፤ ተነፈሰ። ነበልባሉ ጎንበስ አለ፣ እንደ ድሮው፤ እንደ ድሮው ቀና ሊል ሲል ተንቀጥቅጦ ጠፋ። ከክሩ ቀጭን ጭስ ወጣ።

አንዷ ሴት እልልታውን ልትጀምር አፏን ስትከፍት አያ ታከለ ሁለት እጁን አነሣ።

"ኧረ ዝም በሉ! ባለፈው ያበላሻችሁኝ እልል ብላችሁ ነው" አለ። "ትርንጎ፣ አንቺ ደግሞ እንዳታጨበጭቢ። ዳቦውን ቁረሱ፣ ጠላ ቅዱ፤ ሲያልቅ እኔ ሁላችሁንም እስከ በር እሸኛለሁ።"